የመቱ ኮሌጆችና የተማሪዎቻቸው ኑሮ

ስለ አንድ ኮሌጅ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃዎቹ፣ ስለ ትምህርት ክፍሎቹና ስለ ተመራቂዎቹ ቁጥር ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከአንድ ተራ ጥያቄ እንነሣለን፤ ይኸውም ተማሪው ሌሊቱን የት ያድራል? የሚበላውንስ ማን ያቀርብለታል? የሚል ነው። በመቱ ከተማ ያሉትን የመንግሥት ኮሌጆች ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ የተመለከተ ሰው፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት ዐይነት ተማሪዎች እንዳሉ ይገነዘባል። አንደኛው በመንግሥት ምደባ ከሩቅ አገር የመጣ፣ አልጋና ገበታ የተዘጋጀለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሁለተኛው ከዚያው ከኢሉባቦር ገጠር መጥቶ፣ በአንድ ነዋሪ ጓሮ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤቱ በመጣ ስንቅ የሚማር የመምህራን ወይም የጤና ኮሌጅ ተማሪ ነው። ሁለቱ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በአንድ ባጃጅም ይሳፈራሉ፤ ሆኖም እምብዛም አይተዋወቁም። ስለ መጀመሪያው በየጋዜጣው ሲነገር እንሰማለን። እኛ በተለይ ለማስረዳት የምንፈልገው ስለ ሁለተኛው ነው።

አገሩና ከተሞቹ

ኢሉባቦር፣ በአገሩ ቋንቋ ኢሉ አባ ቦር፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኝ ደጋና ወይና ደጋ የበዛበት፣ ደን የለበሰ አገር ነው። መቱ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል ሲሄዱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከመቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ በከፍታ ላይ የተቀመጠችው ጎሬ ትገኛለች። ወደ ምሥራቅ በጅማ መንገድ ሑሩሙና ያዩ፣ ከዚያም አልፎ በደሌ አለ። የዝናቡ ነገር በመላው አገራችን የታወቀ ነው፤ ጎሬ በዓመት እስከ ሁለት ሺህ ሚሊ ሜትር ከሚጠጉና ከዚያም ከሚያልፉ ዝናባማ ስፍራዎች አንዷ ናት። ዝናቡ ከሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እምብዛም አያቋርጥም። ይህን የምናነሣው ለጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ዝናቡ በተማሪው ኑሮ ላይ ያለውን ድርሻ ኋላ እንመለስበታለን።

የአስተዳደሩን ሁኔታ በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ የቀድሞው ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ጋምቤላን ጭምር የያዘ ሰፊ አገር ነበር። በ1980ዎቹ በተደረገው አከላለል ጋምቤላ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን፣ ኢሉባቦር በኦሮሚያ ውስጥ ዞን ሆነ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የዞኑ ሕዝብ 1.27 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ በደሌና አካባቢው ቡኖ በደሌ ተብሎ ሌላ ዞን ሆኗል።

ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ መቱ ትሁን እንጂ የቀደመችው ጎሬ ናት። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ሲገዙ መቀመጫቸውን በጎሬ አድርገው ነበር። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ከተፈቀደ በኋላ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን እየመጣ ቡና ይጭን ነበር። ያ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው በጎሬ በኩል ስለ ሆነ፣ ከተማይቱ የነጋዴዎችና የቆንስላ ከተማ ሆነች። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ በአገር ውስጥ የቀረው መንግሥት የተቀመጠውም በዚያው በጎሬ ነበር፤ ጣልያኖች ጎሬን የያዙት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ጎሬ ይህን ሁሉ ታሪክ ይዛ ሳለ በ1970ዎቹ መግቢያ የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ መቱ ተዛወረ። የዋና ከተማነቱ ስም ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ኮሌጁም ተከትለው ሄዱ። ዛሬ ኮሌጆቹ በመቱ ተሰብስበው የምናገኛቸው ስለዚህ ነው እንጂ፣ ከሁለቱ ከተሞች ለትምህርት የምትሻለዋ መቱ ናት ተብሎ በጥናት የተለየ ነገር ስላለ አይመስለንም።

ተማሪ ይወጣበት የነበረ ዘመን

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ ከመቶ ያነሱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የኢሉባቦር ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ለማግኘት ከአገሩ መውጣት ግድ ነበረበት፤ መውጫውም በበጋ በጅማ መንገድ በጭነት መኪና፣ ወይም ደግሞ አቅም ላለው ከጎሬ በዳኮታ አውሮፕላን ነበር። የሄደው ልጅ ተምሮ ወደ ጎሬ የሚመለሰው ጥቂት ጊዜ ነው። መንግሥት ባለበት፣ ደመወዝ ባለበት በአዲስ አበባ ይቀራል። ወላጆች ልጃቸውን ለትምህርት ሲሸኙ ለዘለቄታው እየሸኙ መሆናቸውን ያውቁ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ መድረስ የጀመረው በሕንፃ ሳይሆን በሰው ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ የሚበዙትም በአስተማሪነት ነበር የሚመደቡት። ከዚያ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። እነዚህን ሁለት ነገሮች የምናነሣው በአንድ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ለትንሽ ከተማ «ዩኒቨርሲቲ» ማለት በአንድ አከራይ ቤት ያረፈ፣ መጽሐፍ የያዘ አንድ ወጣት ማለት ነበር። የከተማው ሰው ያበላዋል፤ ይመክረዋል፤ ይታዘበዋልም። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲው በአጥር ተከቦ በከተማው ዳር ቆሟል፤ ነዋሪው ተማሪውን የሚያገኘው በገበያና በመናኸሪያ ነው።

ዩኒቨርሲቲው

መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2003ና በ2004 ዓ.ም. ከተከፈቱት የሦስተኛው ዙር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ዋናው ግቢ በመቱ ሲሆን በበደሌ ደግሞ የግብርናና የደን ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ አለው። የሕክምናና የጤና ተማሪዎቹ ልምምድ የሚያደርጉት በመቱ ካርል ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉ ስም ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም የሚታወስበት ነው፤ እኒህ ሰው በ1974 ዓ.ም. የመሠረቱት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው የርዳታ ድርጅት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢሉባቦር ትምህርት ቤት፣ የውሃ ጕድጓድና የጤና ተቋም ሲሠራ ቆይቷል። ስለ መቱ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ መቱ የሚመጣው መርጦ ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። ስለዚህ በአንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ ከባሌ፣ ከጎንደር፣ ከወላይታና ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች በተደራራቢ አልጋ ተኝተው ይገኛሉ። ይህ በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ሆኖም መንገዱ ሲከፋ የሚጎዳውም ይኸው ከሩቅ የመጣው ተማሪ ነው። ከኢሉባቦር በስተሰሜን በቄለም ወለጋ ከሚገኘው ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ የአማራ ክልል ተማሪዎች በኅዳር 2012 ዓ.ም. በመንገድ ላይ መታገታቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ልጁ በምዕራብ የተመደበበት ወላጅ፣ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ስለ መንገዱ አስቀድሞ ይጠይቃል።

ስለ ኑሯቸው ጥቂት እንጨምር። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ የሚሆነውን ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እየተቈረጠ እንዲከፍል በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣው ደንብ ተወስኗል፤ ተማሪዎች ይህን «ኮስት ሼሪንግ» ይሉታል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለብዙ ዓመት 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር እንዲሆን ተደረገ። በግቢው ምግብ ቤት የማይበላ ተማሪ «ነን ካፌ» ይባላል፤ ገንዘቡን በእጁ ተቀብሎ በውጭ ይመገባል። በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ የምናያቸው የፍርፍርና የሽሮ ቤቶች የሚኖሩት በእነዚህ በነን ካፌዎች ነው። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ኑሮ ጠባብ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥበቡ በመንግሥት መዝገብ ላይ በብርና በሳንቲም ተጽፎ ይገኛል። ሲያንስም «አነሰ» ተብሎ ሊከራከሩበት ይቻላል።

የኪራይ ቤት ተማሪዎች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመጣለን። በመቱ ከዩኒቨርሲቲው ሌላ በክልሉ መንግሥት የሚተዳደሩ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አሉ። የመጀመሪያው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን፣ ሁለተኛው ለጤና ጣቢያዎች ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የክልል ኮሌጆች በአብዛኛው አዳሪ አይደሉም። ተማሪዎቻቸው የሚመጡት ከአካባቢው ወረዳዎች ነው፤ ከአሌ፣ ከቡሬ፣ ከዲዱ፣ ከዳሪሙ፣ ከአልጌ ሳቺ፣ ከኖኖ ሰሌ፣ እንዲሁም ከቡኖ በደሌ በኩል ነው። እንግዲህ እነዚህ ተማሪዎች ማደሪያቸውን ከከተማው ነዋሪ ይከራያሉ።

የመቱን ኪራይ ቤት ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ በግቢው ውስጥ ከዋናው ቤት ኋላ በአንድ ረድፍ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣራቸው ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ክፍሎችን በዐይነ ኅሊናው ይመልከት። የከተማው ሰው «ሰርቪስ» ይላቸዋል። ብዙ ባለቤቶች ጥቂት ገንዘብ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያስቡት አንድ ሰርቪስ መጨመር ነው፤ ለመበለቲቱና ለጡረተኛው የተማሪ ኪራይ የወር አስቤዛ ነው። ስለዚህ በአከራይና በተከራይ መካከል ያለው ግንኙነት የንግድ ብቻ አይደለም። ተማሪዎቹ ባለቤቲቱን «እማማ» ወይም በኦሮምኛ «ሀርሜ» ይሏታል። እርሷም ሲታመሙ ታጠጣቸዋለች፤ በር የሚዘጋበትን ሰዓትም ትወስናለች። ኪራዩ ሲዘገይ ደግሞ እናትነቱና አከራይነቱ ይጋጫሉ።

ለምሳሌ ያህል ከዲዱ ወረዳ የምትመጣ አንዲት የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ እንዳለች እናስብ። ብቻዋን ለመከራየት አቅም ስለማይኖራት ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ትይዛለች። በክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ ወይም መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ምጣድ፣ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ ልብስ ይኖራል። የበቆሎ ዱቄት፣ ጎደሬ፣ ጥቂት ቅቤና ቡና ከቤቷ ይመጣል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመናኸሪያ ብንቆም ባዶ ማዳበሪያ ጠቅልለው በብብታቸው የያዙ ወጣቶች ወደየወረዳቸው ሲሳፈሩ እናያለን፤ እሑድ ማታ ማዳበሪያው ሞልቶ ይመለሳል። አንዳንዱ ስንቅ በሹፌርና በረዳት እጅ፣ ስምና ስልክ ቍጥር ተጽፎበት ይላካል። ይህ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የበጀት መዝገብ ላይ የማይገኝ የምግብ አቅርቦት ነው። የሚሸከመው ገበሬው ነው።

ቡና ለእነዚህ ተማሪዎች ከምግብም በላይ ነው። የኢሉባቦር ገበሬ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው በአብዛኛው ከቡናና ከማር ነው። የቡናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን ገንዘቡ በቤት የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው። የትምህርት ዓመቱ ግን የሚጀመረው ከዚያ በፊት ነው፤ ኪራይ፣ መመዝገቢያ፣ ደብተርና ጫማ የሚጠየቁት ገበሬው በዓመቱ ውስጥ እጅግ በሚደኸይበት ወር ነው። ስለዚህ አባት ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው ቡናው ገና ዛፉ ላይ ሳለ ከነጋዴ ገንዘብ ተቀብሎ በዝቅተኛ ዋጋ መሸጥ ነው፤ ሁለተኛው አከራዪቱን «እስከ ቡና ታገሺኝ» ብሎ መለመን ነው። በመጀመሪያው መንገድ ልጁ ይማራል፤ ቤተሰቡ ግን የዓመቱን ትርፍ ያጣል። ይህን የቀን መቍጠሪያ አለመገጣጠም እንደ ትንሽ ነገር ማየት አይገባም። ተማሪዎች ትምህርት የሚያቋርጡበትን ምክንያት ለማጥናት የሚነሣ ሰው፣ መጀመሪያ የቡናን ወር ከምዝገባ ወር ጋር ቢያስተያይ ይጠቅመዋል።

ዝናቡን እንመለስበታለን ብለን ነበር። በኢሉባቦር የታጠበ ልብስ በሁለት ቀን አይደርቅም። አንድ ጫማ ብቻ ያለው ተማሪ ጭቃ የነካው ጫማ ሳይደርቅ ማለዳ መልሶ ይጫማዋል። የቆርቆሮው ጩኸት ሲበረታ ከጎን ካለ ሰው ጋር መነጋገርም ሆነ ማንበብ ያስቸግራል። መብራትም ይጠፋል። ከመቱ ብዙም ሳይርቅ የሶር ወንዝ መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረወር ይታያል፤ ከዚሁ ወንዝ የ5 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጫ ተሠርቶለታል። እንዲያም ሆኖ በከተማው ተማሪ ዘንድ ሻማና የስልክ ባትሪ የጥናት መሣሪያዎች ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ግቢ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፤ በሰርቪስ ቤት ግን የሚነሣ ነገር የለም።

የሴቶቹ ነገር ከዚህ ይከፋል። ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት እስከ ኪራይ ቤት ያለው መንገድ ጨለማ ከሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት መሆኑ ለወንዶች እንጂ ለሴቶች አይጠቅምም። ከዚህም ሌላ ምግብ ማብሰሉ፣ ውሃ መቅዳቱ፣ አንዳንድ ጊዜም የባለቤቲቱን ሥራ ማገዙ በሴቶቹ ላይ ይወድቃል። ወንዶች ተማሪዎች ተሰብስበው ሲያጠኑ ሴቶቹ በዚያው ሰዓት እንጀራ ይጋግራሉ። የመጨረሻው ውጤት ሲታይ ሴቶች አነሱ ይባላል፤ የተጋገረው እንጀራ ግን አይቈጠርም።

እነዚህ ተማሪዎች በሦስት ቋንቋ መካከል መኖራቸውንም መጥቀስ ይገባናል። በኦሮሚያ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አንደኛ ደረጃው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይሰጣል፤ በከተሞች በአማርኛ የሚማሩ ክፍሎችም አሉ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የመምህራን ኮሌጁ ተማሪ ኋላ በአፋን ኦሮሞ ለማስተማር ይሠለጥናል፤ የሚያነባቸው ዋቢ መጻሕፍት ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ገበያ ሲወርድ አማርኛም ያስፈልገዋል። ይህ ሀብት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛም እንስማማለን። ነገር ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚፈተንበት እንግሊዝኛ በቤቱም፣ በመንደሩም፣ ብዙውን ጊዜም በመምህሩ አንደበት የማይሰማ ቋንቋ መሆኑ ሊካድ አይገባም።

ፈተናውና ያስከተለው ለውጥ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ለተማሩት ነው። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ አለፉ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ባዶ እንዳይቀሩና ተማሪውም ሌላ ዕድል እንዲያገኝ የማካካሻ ትምህርት አቋቋመ። እንዲሁም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲውን የጨረሰ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲፈተን ተደረገ።

ስለ ፈተናው ትክክለኛነት ብዙ ተከራክረናል፤ እዚህ አንደግመውም። ለጽሑፋችን የሚያስፈልገው ውጤቱ በከተማይቱ ላይ ያደረገው ነው። ቀድሞ በየዓመቱ በብዛት የሚጐርፈው አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀንስ፣ ለነን ካፌ ምግብ የሚያበስሉት ሴቶች፣ ጽሑፍ አባዦችና ባጃጅ ነጂዎች አስቀድመው ይሰማቸዋል። በሌላ በኩል ከመቶ ከዘጠና የሚበልጠው የወደቀበት ወጣት የት ይሄዳል? ከፊሉ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ከፊሉ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አዲስ አበባ ያስባል፤ መስፈርቱን ያሟላው ከፊሉ ግን የክልል ኮሌጆችን ያንኳኳል። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ የመምህራን ኮሌጅ ገቢው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሆኗል። ስለዚህ የከተማይቱ የተማሪነት ክብደት ቀስ በቀስ ከአጥሩ ውስጥ ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ እየተዛወረ ነው ማለት ይቻላል። በጀቱ ግን አብሮ አልተዛወረም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የመምህራን ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰ የሚገባበት ነው» ሲሉ እንሰማለን። አነጋገሩ አላዋቂነት ነው። የዚያ አካባቢ ሕፃን በአንደኛ ክፍል ፊደል የሚያስቈጥረው፣ ቍጥር የሚያስተምረው፣ ኋላም እንግሊዝኛን መጀመሪያ የሚያሰማው የዚሁ ኮሌጅ ተመራቂ ነው። ከላይ የጠቀስነው 3.3 በመቶ የተወለደው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል አዳራሽ ሳይሆን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በአንደኛ ክፍል ነው። እንግዲህ ለነገው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያስበው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የመምህሯን ማደሪያ ነው።

ዩኒቨርሲቲውና ኮሌጆቹ ሊገናኙባቸው የሚችሉ ብዙ ነገሮች አሉ። በያዩ ያለው የዱር ቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የጅማ የግብርና ምርምር ማእከልም በመቱ ንዑስ ጣቢያ አለው። የበደሌ ግቢ የደን ተማሪ ስለዚህ ቡና በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የመምህራን ኮሌጁ ተማሪ ደግሞ አባቱ የሚለቅመው ይኸው ቡና ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ የሚገናኙበት መድረክ የለም። በያዩ በከሰል ላይ የተመሠረተ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሊሠራ ሲጀመር ለኬሚስትሪና ለምሕንድስና ምሩቃን ሥራ ይገኛል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ፋብሪካው ሳያልቅ ቀረ። ቡናው ግን እዚያው አለ፤ የሚያጠናውም የአገሩ ልጅ ቢሆን ለዕውቀቱም ለገበሬውም ይበጃል ብለን እናምናለን።

ስለ ማደሪያው በእኛ አስተያየት ከሁሉ በፊት ሊደረግ የሚችለው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። የተማሪ ማደሪያ ሕንፃ መሥራት የክልሉ ዐቅም ሲፈቅድ ይሁን። እስከዚያው ግን እያንዳንዱ ኮሌጅ ከቀበሌዎቹ ጋር ሆኖ ተማሪ የሚያከራዩ ቤቶችን አንድ መዝገብ ላይ ቢጽፍ፣ ዋጋቸውን፣ ውሃና መጸዳጃ እንዳላቸው፣ ከኮሌጁ ያላቸውን ርቀት ቢያሰፍር፣ አዲስ የሚመጣ ተማሪ በመናኸሪያ ደላላ እጅ አይወድቅም። ኪራዩ በየወሩ ከሚሆን ይልቅ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እስከ ቡና መሸጫ እንዲቆይ ኮሌጁ ዋስ ቢሆን፣ አባትዬው ቡናውን በዛፉ ላይ ከመሸጥ ይድናል። ከቤተ መጻሕፍት እስከ ዋና ዋናዎቹ ሰፈሮች ባለው መንገድ ላይ ጥቂት መብራት ቢተከል፣ ሴቶቹ እስከ ሦስት ሰዓት ያነባሉ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚያስፈልገው አንድ ጸሐፊ፣ አንድ መዝገብና የቀበሌው ማኅተም ነው። የመቱ ተማሪዎች ማኅበራት ከፈለጉ ይህን መዝገብ በአንድ የዕረፍት ሳምንት ሊጀምሩት ይችላሉ፤ የዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ ከአጥራቸው ውጭ ሁለት መቶ እርምጃ ብቻ ተራምደው ያገኙታል።